ውሉን ፍለጋ

ጉዋሃቲ፣ ሰኔ ነው፤ ችሎት ቁጥር ሰባት፤
ጣራው ላይ ማራገቢያው ያቃስታል፣ እንደ አሮጌ ጉልበት።
እኔ ቃል ለቃሚ ነኝ፤ ዳኛዋ ትላለች፣ ጣቴ ይከተላል፤
ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ጠብ ስተይብ መዳፌ ደንድኗል።
«መዝገብ መቶ አርባ፤ ቦሎራም ፉካን እና የውሃ ሀብት ቢሮ።»
አንድ ሰው ከኋላ ተነሣ፣ ጃንጥላውን ከወንበር ስር ሰውሮ።

ነገሩ የአፈር ነው።
በዲኮው ወንዝ ዳርቻ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር የጎርፍ መከላከያ፤
መቶ አሥር ሰው የከመረው፣ ቅርጫት በአናት፣ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ።
ፉካን «ሠራሁ» ይላል፤ ቢሮው «አልሞላም» ይላል፤
የልኬት መዝገቡ በሁለቱ መሃል እርጥበት ጠጥቶ አብጧል።
ዋናው ምስክር፣ ግድቡ ራሱ፣ ዛሬ በቦታው የለም፤
በሦስተኛው ክረምት ወንዙ መጣ፣ በላው፣
ደረሰኝም አልሰጠም።

አንቀጽ ሃያ አምስት፦ «ጠብ ቢነሣ፣ ገላጋዩን ዋና መሐንዲሱ ይሰይም።»
ዋና መሐንዲሱ ማን ነው? «አይከፈል» ብሎ የፈረመ።
ፍየል የጠፋች ለታ ጅብ ለዳኝነት ተሰየመ።
ፉካን ደብዳቤ ጻፈ፤ ሠላሳ ቀን ጠበቀ፤ ዝም።
ደግሞ ጻፈ፤ ማኅተም ብቻ መጣ፣ ቃል ግን የለበትም።
ውሉ የጠፋ ልቃቂት ነው፤
በጎተቱት ቁጥር ይከራል፤
እዚህ የመጣው ቢቸግረው ነው፣
ውሉን የሚያይ ዓይን ይፈልጋል።

የቢሮው ጠበቃ ራጅኮንዋር ተነሣች፤ «ክብርት ሆይ፣ ጊዜው አልፏል፤
‹ሒሳቤን ጨርሻለሁ› ብሎ በእጁ ፈርሟል።»
ፉካን የራሱን ጠበቃ ክንድ ገፋ፤ «አዎ፣ ፈርሜያለሁ!
መቶ አሥር ሰው በሬ ላይ ተቀምጦ፣ ምን አነባለሁ?»
ዳኛዋ እጇን አነሣች፤ «ይህ ለሚሾመው ሰው ይቆይ፤
እኔ የማየው አንድ ነገር ነው፤ የግልግል ስምምነት አለ ወይ?»

ይገርመኛል ይህ ሥልጣን። ማን እንደ በደለ ሳይል፣
ማን ይስማ የሚለውን ብቻ ወስኖ ይነሣል።
ወንበር ያስቀምጣል፤ አይቀመጥበትም።

የመጀመሪያው ስም ጡረተኛው ዳኛ፣ ዲምቤሽዋር ቡራጎሃይን።
በሁለት ሳምንት መልስ ላኩ፣ በእጅ ጽሑፍ፣ በሰማያዊ ቀለም፦
«ያ ግድብ ሲናድ ውሃው በእናቴ የሩዝ ማሳ አልፏል።
ጆሮዬ ቀና ነው እላለሁ፤ ልቤን ግን ማን ይለካዋል?
ሌላ ሰው ይፈለግ።»
ሹመት ሲሸሽ ብዙ አይቻለሁ፣ በክፍያ፣ በርቀት፣ በሕመም፤
በእናት ማሳ ግን አላየሁም።
ራጅኮንዋር እንኳ ዓይኗን ከመዝገቡ አላነሣችም።

ሁለተኛዋ ተሰየመች፤ ሊሊማ ሶኖዋል፣ ከዲብሩጋር።
ትእዛዙ ሦስት ገጽ ነው፤ የመጨረሻው መስመር እንደ ወትሮው፦
«በጉዳዩ ፍሬ ነገር ላይ ምንም አላልንም።»

በረንዳ ላይ የተሸካሚዎቹ አለቃ፣ ሽማግሌው ሶፊዑር፣ ያዘኝ፦
«ተፈረደልን?»
«የለም አባባ። የሚፈርድ ሰው ተገኘ።»
በጣቱ ቆጠረ። ስድስት ዓመት። ጣት አነሰው፣ ወደ ሌላው እጁ ተሻገረ።
«ስድስት ዓመት፣ ለአንድ ጆሮ?» አለና ዝናቡን አየ፤
«ወንዙስ? ለእሱም መጥሪያ ይደርሰዋል?»
የምመልስለት አጣሁ።

ማታ ረቂቁን ሳነብ ስሕተት አገኘሁ፤ አንዲት ፊደል ጎድላ፦
«ገላጋይ ዳኛ ይሰየማል» ለማለት
«ገላጋይ ዳኛ ይሰማል» ብዬ ኖሯል።
ጣቴ ከቁልፉ በላይ ቆመ።
ውጭ ዝናቡ በረታ፤ ሩቅ አንድ ግድብ እየጠጣ ይሆናል።
አረምኩት፤
ግን ቶሎ አይደለም።